የጥቁሯ ቡዊክ ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ1987 ጄኔራል ሞተርስ ለገበያ ባወጣት አንዲት ጥቁር መኪና መግለጫ ላይ 276 የፈረስ ጉልበት የሚል ቁጥር ሰፍሮ ነበር። መኪናዋ ቡዊክ ጂኤንኤክስ ትባላለች፤ በጠቅላላው የተሠሩት 547 ብቻ ናቸው። ገዝቶም ይሁን ከገዛ ወዳጁ ለምኖ ሩብ ማይል የሮጠባት ሰው ግን ያንን ቁጥር አላመነም። ያላመነው ሞተሯ ሲያጉረመርም ስለሰማ ወይም ወንበሩ ጀርባውን ስለገፋው አይደለም፤ በጆሮና በጀርባማ ማንም የራሱን መኪና አንበሳ ያደርጋል። ያላመነው ከመሮጫው ዳር ካለችው ትንሽ መስኮት የተቀበላትን ወረቀት አንብቦ ነው።

ወረቀቷ ከሱፐርማርኬት ደረሰኝ አትበልጥም። ቀለሟ ቶሎ ይለቃል፤ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ከመታት በአንድ በጋ ነጭ ሆና ትቀራለች። ከላይ ሹፌሩ አረንጓዴ መብራት ከበራለት በኋላ ለመነሳት የወሰደበት ጊዜ ይጻፋል። ቀጥሎ 60 ጫማ፣ 330 ጫማ፣ 660 ጫማ፣ 1,000 ጫማ እያለ ይወርድና 1,320 ጫማ ላይ፣ ማለትም 402 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያበቃል። 660ው እና መጨረሻው ላይ ከጊዜው ጎን ፍጥነትም አለ። አዲስ ሰው የሚያየው የታችኛውን ጊዜ ነው፤ ለጓደኞቹ የሚያወራውም እሱን ነው። የቆየ ሰው ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፍጥነቱ፣ ከዚያ ወደ 60 ጫማው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር ካነበበ በኋላ ጊዜውን ባያየውም አይቆጨውም።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ሰዓቱ የሚነሳው መብራቱ ሲበራ ሳይሆን የፊት ጎማው ከመነሻው ጨረር ላይ ሲወርድ ነው። ሹፌሩ አረንጓዴው በርቶለት ቢያንቀላፋ ውድድሩን ይሸነፋል እንጂ የመኪናው ጊዜ አይበላሽም። የመጨረሻው ፍጥነትም የአንድ ቅጽበት ፍጥነት አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ 66 ጫማዎች ውስጥ ያለው አማካይ ነው። በ102 ማይል የሚበር መኪና ያቺን ርቀት ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳታል። የሞተሩ ጉልበት የሚገመተው እንግዲህ ከዚያች ከግማሽ ሰከንድ ባነሰች ጊዜ ነው።

የሩብ ማይል ነገር በደንብ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ነው። በ1950 ሳንታ አና ከተማ አጠገብ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ‹ፓፒ› ሃርት የሚሉት ሰው መግቢያ እያስከፈለ፣ ሰዓት ተክሎ ወጣቶችን ያሯሩጥ ጀመር። በዓመቱ ዎሊ ፓርክስ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበርን መሠረተ፤ ማኅበሩ የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው በ1953 ፖሞና ላይ ነው። ባንዲራ ይዞ እየዘለለ መኪና የሚያስነሳው ሰው ቦታውን ለመብራት የለቀቀው ደግሞ በ1963 ነው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አምፖል የተሰደረበትን ያንን ግንድ ዛሬም ‹የገና ዛፍ› ይሉታል።

ሰዓቱ ሲተከል ሒሳቡ ተከተለ። ሮጀር ሀንቲንግተን የሚባል የመኪና ጸሐፊ የብዙ መኪናዎችን ክብደት፣ ጉልበትና ፍጥነት ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ደንብ አወጣ። ጉልበቱን ለክብደቱ አካፍል፤ የድርሻውን ኪዩብ ሩት ውሰድ፤ በ225 አባዛ፤ በሩብ ማይል መጨረሻ ላይ የሚኖርህን ፍጥነት ታገኛለህ። ደንቡ በመጽሔት ከወጣ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ገባ። ሞሮሶ የተባለው የዕቃ አምራች ይህንኑ ዓይነት ሒሳብ በምትንሸራተት ማስያ ላይ አትሞ ሸጠው። ክብደቱን ከፍጥነቱ ጋር ስታጋጥመው ጉልበቱ በመስኮቷ ብቅ ይላል። ካልኩሌተር በየኪሱ ባልነበረበት ጊዜ፣ እጁ ግሪስ የነካው መካኒክ ኪዩብ ሩት ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ በአውራ ጣቱ ብቻ ያሰላ ነበር።

ደንቡ ለምን እንደሚሠራ በፊዚክስ ያብራራው በ1973 በአሜሪካ የፊዚክስ መጽሔት ላይ የጻፈው ጂኦፍሪ ፎክስ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለ ምንም ብክነት አንድ ዓይነት ጉልበት ቢሰጥ፣ የፍጥነቱ ኪዩብ ከጉልበቱና ከርቀቱ ጋር አብሮ ያድጋል። በዚህ ስሌት ከ225 ይልቅ 281 የሚያህል ቁጥር ይወጣል። በ225 እና በ281 መካከል ያለው ልዩነት የጎማ መንሸራተት ነው፣ የማርሽ መቀየሪያ ጊዜ ነው፣ የነፋስ ግፊት ነው፣ ካምቢዮና ዲፍረንሻል ውስጥ በሙቀት የሚጠፋው ነው። በኋላ ፓትሪክ ሄል የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ቁጥሩን ወደ 234 አሻሻለው፤ ጊዜውን ለማስላት ደግሞ 5.825 የሚል ሌላ ቁጥር አወጣ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የእሱን ነው።

ኪዩብ የሚለው ነገር ብዙ ሰው አስለቅሷል። ጉልበትህን እጥፍ ብታደርገው ጊዜህ በግማሽ አይቀንስም፤ ጊዜውን በግማሽ ለመቀነስ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ ከፍጥነት ወደ ጉልበት ስትመለስ ትንሿ ስህተት ታብጣለች። 225ን ትተህ 234ን ብትይዝ ልዩነቱ አራት በመቶ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ግን ከ12 በመቶ በላይ ይሆናል። በየጋራዡ ሰው የተጣላው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት ይዘው፣ አንዱ በአሮጌው ማስያ ሌላው በአዲሱ እያሰሉ፣ አንዱ ሌላውን ዋሾ ሲል ያመሻሉ።

ወደ ጥቁሯ ቡዊክ እንመለስ። ካር ኤንድ ድራይቨር መጽሔት በ1987 ሲፈትናት ሩብ ማይሉን በ13.5 ሰከንድ ጨረሰች፤ ፍጥነቷ 102 ማይል ነበር። ክብደቷ 3,545 ፓውንድ ገደማ ነው። 180 ፓውንድ የሚመዝን ሹፌር ቢቀመጥባት 3,725 ይሆናል። 102ን ለ234 አካፍለህ፣ ኪዩብ አድርገህ፣ በ3,725 ስታባዛ 308 ይመጣል። በጊዜው በኩል ብትሄድ፣ ማለትም 5.825ን ለ13.5 አካፍለህ እንደዚያው ብታደርግ፣ 299 ታገኛለህ። ሁለት መንገድ፣ ሁለት የተለያየ መለኪያ፣ ግን ሁለቱም 300 አካባቢ ተገናኙ። ፋብሪካው የጻፈው 276 ነው።

ቁጥሩ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጓል ብሎ የጠረጠረ ብዙ ነው። የዚያ ዓመቱ ኮርቬት በስምንት ሲሊንደር የተጻፈለት 240 ነበር፤ ኮርቬት ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ቤት በኩር ነው። ቡዊክ በበኩሏ የጡረተኛ መኪና ተብላ የምትታወቅ፣ ወንበሯ እንደ ሳሎን ሶፋ የሚመች፣ አባወራ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድባት መኪና ነበረች። ይቺ መኪና በስድስት ሲሊንደርና በ3.8 ሊትር የቤቱን በኩር መቅደሟ ሳያንስ፣ በወረቀት ላይም ከ276 የበለጠ ይጻፍላት ማለት ለኩባንያው ሰዎች የሚያኮራ አልነበረም።

ጂኤንኤክስን ብርቱ ያደረጋት ቱርቦ ነው፤ እሱ ግን በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። አሜሪካኖች ቱርቦን በመንገድ መኪና ላይ የሞከሩት በ1962 በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በኮርቬር ነው። ጄትፋየር ሞተሩ እንዳያንኳኳ የውኃና የሜታኖል ድብልቅ ይጠጣ ነበር፤ ባለቤቶቹ መሙላት ስለሚረሱ ብዙዎቹ ቱርቦው እየተፈታ በካርቡራተር ብቻ እንዲሠሩ ተደረጉ። ቡዊክ ለቪ6ቷ በ1978 ቱርቦ አስገባችላት። በ1984 ካርቡራተሩ ወጥቶ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ገባ፤ በ1986 የታጨቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ተጨመረ። ከዚያ በኋላ እንደ ኬኒ ደትዋይለር ያሉ የካሊፎርኒያ ሞተር ሠሪዎች ከዚያችው ስድስት ሲሊንደር ፋብሪካው ያላሰበውን ጉልበት ማውጣት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ነው ቱርቦው የወረቀቱን ንባብ ያወሳሰበው። ቱርቦ የሌለው መኪና ነዳጅ ሲረገጥ ያለውን ሁሉ ወዲያው ይሰጣል። ቱርቦ ያለው ግን የጭሱ ግፊት ተርባይኑን አሽከርክሮ አየሩን እስኪያጭቀው ድረስ ይለምናል፤ ትልቅ ቱርቦ ከሆነ ደግሞ ልመናው ይረዝማል። ስለዚህ መነሻው ላይ ደካማ፣ መጨረሻው ላይ ብርቱ ይሆናል። ጊዜው ስለ አነሳሱ፣ ስለ ጎማውና ስለ ሹፌሩ ይናገራል፤ ፍጥነቱ ስለ ሞተሩ ይናገራል። ቱርቦ በሌለው መኪና ሁለቱ ምስክሮች አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። ቱርቦ ባለው መኪና ግን እርስ በርስ ይካሰሳሉ፤ ክርክራቸውን መስማት የሚችል ሰው መኪናው ገና ያላወጣውን አቅም ከዚያው ላይ ያገኘዋል።

መስሚያው ቀላል ነው። ጊዜውን በፍጥነቱ አባዛ። የሄልን ሁለት ቁጥሮች፣ 5.825ን እና 234ን፣ ብታባዛ 1,363 ይመጣል። በደንብ የተነሳ፣ ጎማው መሬት የያዘለት መኪና ብዜቱ እዚህ አካባቢ ያርፋል። የጂኤንኤክስ 13.5 በ102 ሲባዛ 1,377 ነው፤ ማለት ይቻላል የቀረ ነገር የላትም። ምክንያቱም አውቶማቲክ ካምቢዮ አላት፤ ሹፌሩ በግራ እግሩ ፍሬን ይዞ በቀኝ እግሩ ነዳጅ እየረገጠ ቱርቦውን እዚያው መስመሩ ላይ ያስነሳዋል፤ ፍሬኑን ሲለቅ ግፊቱ ዝግጁ ነው።

አሁን ሌላ ወረቀት እናስብ። በእጅ ማርሽ የሚቀየር፣ ትልቅ ቱርቦ የገባለት፣ ከነሹፌሩ 3,600 ፓውንድ የሚመዝን መኪና በ12.4 ሰከንድ በ122 ማይል ጨረሰ እንበል። ብዜቱ 1,513 ነው። በጊዜው ስታሰላው 373 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በፍጥነቱ ስታሰላው 510። መቶ ሠላሳ ሰባት ፈረስ የት ገባ? የትም አልገባም። መነሻው ላይ ጎማው ስር ጭስ ሆኖ ወጥቷል፣ ወይም ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ ተኝቷል። 1,363ን ለ122 ስታካፍል 11.17 ይወጣል፤ ሞተሩ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ በጎማና በአነሳስ ብቻ፣ መኪናው ሊደርስበት የሚችለው ጊዜ ይኸ ነው። በእርግጥ በዚህ ጊዜ ላይ ትንሽ መጨመር ይገባል፤ ቀስ ብሎ የተነሳ መኪና መንገዱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቆይ መጨረሻው ፍጥነት ላይ ጥቂት ያተርፋል። ጠንቃቃ ሰው ‹11.3› ብሎ ይገምታል። ተቃራኒውም አለ፤ አራቱም ጎማው የሚገፋ መኪና መስመሩ ላይ ስለሚወነጨፍ ጊዜው ከሞተሩ በላይ ያወራል። 11.5 ሰከንድ በ112 ማይል ያለው ወረቀት ብዜቱ 1,288 ብቻ ነው። ባለቤቱ በጊዜው አስልቶ ጉልበቱን ሲናገር ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይጨምራል።

ይህን ንባብ ከባሕር ወለል ወደ ተራራ ስትወስደው ደግሞ ሌላ ዓለም ይከፈታል። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ፣ ሞሪሰን ላይ፣ ጆን ባንዲሜር የተባለ ሰው በ1958 የመሠረተው የመሮጫ ስፍራ ነበር። ከፍታው 5,800 ጫማ ገደማ፣ 1,770 ሜትር ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ አየሩ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል። እዚያ የሮጠ ሰው ሁሉ ‹ባሕር ወለል ላይ ብሆን ኖሮ› የምትል ሐረግ አታጣውም።

ዴንቨርና ጎረቤቷ ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ባንዲሜር የሚመላለሱ ወጣቶችን መኪና ይሠራ የነበረ አንድ መካኒክም ከመካከላቸው ነበር። አገር ቤት ሳለ ያደገው በአሰብ መንገድ መኪናዎች ላይ ነው፤ ወጣቶቹ ‹ጋሼ› ይሉታል። ስለ ቀጭን አየር ማንም ሊያስተምረው አይችልም። የፊያት ኤንትሬ ከአሰብ ወደብ ጭነቱን ይዞ ሲነሳ እንዴት እንደሚያስገመግም፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን ሲወጣ ደግሞ እንዴት ጥቁር ጭስ እየተፋ በአንደኛ ማርሽ እንደሚያቃስት በዓይኑ አይቷል። ያ ሞተር ቱርቦ አልነበረውም። ፓምፑ የሚረጨው ናፍጣ ታች እንደነበረው ነው፤ የሚያቃጥለው አየር ግን አንሷል። በኋላ ቱርቦ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ሲመጡ ያንኑ ዳገት ጭሱ ሳይጠቁር ሲወጡት ያየ ሹፌር ሁሉ፣ ስሌቱን ባያውቀውም ነገሩ ገብቶታል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ባንዲሜር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 81 በመቶ አይሞላም፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው መኪና የጎደለውን ያህል ጉልበቱን ያጣል። ባሕር ወለል ላይ 14 ሰከንድ የሚሮጠው ባንዲሜር ላይ 15ን ያልፋል። ቱርቦ ያለው መኪና ግን 15 ፓውንድ ግፊት እንዲሰጥ ከተስተካከለ፣ ያንን 15 እዚያም ይሰጣል። ታች 14.7 ላይ ሲጨመር 29.7 ይሆን የነበረው፣ እላይ 11.9 ላይ ሲጨመር 26.9 ይሆናል። ኪሳራው አሥር በመቶ አይሞላም፤ ስለዚህ ጊዜው 14.5 አካባቢ ይሆናል። ለከፍታ የሚደረገው የማስተካከያ ሠንጠረዥ ቱርቦ ለሌለው መኪና የተሰላ ከሆነና ቱርቦ ያለው ሰው ከተጠቀመበት፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ግማሽ ሰከንድ ይሰጠዋል። ብዙ ወጣት በዚህ ሠንጠረዥ ራሱን አሞኝቷል።

መካኒኩ ወረቀት ስለማንበብ ሲያስረዳ የሚናገረው ባጭሩ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ መኪናውን ጋራዡ በር ላይ አቁሞ አማከረው።

«ጋሼ፣ ቱርቦውን ትልቅ ላድርገው እያልኩ ነው።»

«ወረቀቱን አምጣ መጀመሪያ።»

ልጁ ከጓንት ሳጥን ውስጥ አውጥቶ ሰጠው። መካኒኩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀው።

«60 ጫማው 2.1 ነው። እዚህ ጋ ቆመህ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ጎማው ይሽከረከራል ጋሼ፣ አይዝልኝም።»

«ታዲያ ትልቅ ቱርቦ ስትጨምርበት ሊይዝልህ ነው? አንተ ልጅ፣ ጎማ ግዛ። የቱርቦውን ገንዘብ ለእናትህ ስጣት።»

ቀልድ ይመስላል እንጂ ሒሳብ ነው። በመጀመሪያዎቹ 60 ጫማዎች ውስጥ የተገኘች አንድ አሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ ከአንድ አሥረኛ ተኩል እስከ ሁለት አሥረኛ ሆና ትመለሳለች። 2.1ን ወደ 1.7 ያወረደ ሰው ሞተሩን ሳይነካ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ያተርፋል። ያንኑ በጉልበት ልግዛው ቢል፣ ከ12.4 ወደ 11.8 ለመውረድ እንኳ ከ15 በመቶ በላይ ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል።

መካኒኩ ይበልጥ የሚወደው ግን የወረቀቱን መካከል ነበር። 660 ጫማ ላይ ያለውን ፍጥነት ከመጨረሻው ጋር ያስተያያል። ጉልበቱ ካልወደቀ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በ1.26 ገደማ ማደግ አለበት፤ ያው ኪዩብ ሩት ነው። መንገዱ መካከል ላይ 96 ማይል የነበረ መኪና መጨረሻው ላይ 121 አካባቢ መድረስ ይገባዋል። 116 ላይ ከቀረ፣ በሁለተኛው ግማሽ ላይ አንድ ነገር ተኝቷል። ወይ የቱርቦው ግፊት እየወደቀ ነው፤ ወይ የነዳጁ ፓምፕ አልበቃ ብሏል፤ ወይ ደግሞ ሞተሩ እያንኳኳ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን ወደ ኋላ ጎትቶታል። ቡዊኳ የማንኳኳቱን ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ስላላት፣ ሹፌሩ ምንም ሳይሰማው ራሷን ታድናለች፤ የምታድነው ግን ጉልበት እየቀነሰች ነው። ያንን ደግሞ ወረቀቱ ያጋልጣል።

የኮሎራዶ ቤንዚን እዚህ ላይ የራሱን ሚና ይጫወት ነበር። በዚያ ከፍታ ማደያዎቹ የሚሸጡት ተራ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ አብዛኛው የአሜሪካ ክፍል 87 ሲሸጥ። ምክንያቱ አየሩ ስለሳሳ ተራ ሞተር አያንኳኳም የሚል ነው። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር መልሶ ያወፍረዋል። ባለ ቱርቦው ሰው ‹ሁሉም እዚህ 85 ይቀዳል› ብሎ ከቀዳ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር የዴንቨር አየር መሆኑ ቀርቷል። ከፍ ያለውንም ቢቀዳ 91 ነው የሚያገኘው። ቱርቦው እዚያ ላይ ያንኑ 15 ፓውንድ ለመስጠት ታች ከሚሽከረከረው ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ የሚወጣው አየርም የባሰ ይሞቃል። ኢንተርኩለሩ ትንሽ ከሆነ፣ ከ660 ጫማ በኋላ ያለችው የመጨረሻ ፍጥነት ወዲያው ትናገራለች። በእንደዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ የሁለቱ ፍጥነቶች ድርሻ 1.20 ብቻ መሆኑን ያየ ሰው ትልቅ ቱርቦ ሲፈልግ ትክክል ሊሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር መካኒኩ ‹አዎ፣ አሁን ቀይረው› ያለባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ ግን ብዙ አልነበሩም።

ዛሬ ይህ ንባብ ከእጅ እየወጣ ነው። በ2008 ተወዳዳሪው ስኮት ካሊታ እንግሊሽታውን መሮጫ ላይ ከሞተ በኋላ በጣም ፈጣኖቹ መኪናዎች ሩብ ማይሉን ትተው 1,000 ጫማ ብቻ እንዲሮጡ ተደረገ፤ ስለዚህ የእነሱን ቁጥር ከድሮው ጋር ማስተያየት አይቻልም። ኪስ የምትገባ የጂፒኤስ መሣሪያ መስታወት ላይ ለጥፎ የሚሮጥ ወጣት ስልኩ ላይ ጊዜውን፣ ፍጥነቱን፣ የመንገዱን ቁልቁለት ሳይቀር ያገኛል። ብዙዎቹ የፈረስ ጉልበቱንም አስልተው አንድ ቁጥር ይሰጡታል። አንድ ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው፤ ሁለቱ ምስክሮች የሚካሰሱበት ቦታ ተደፍኗል። ባንዲሜርም ከ65 ዓመት በኋላ በ2023 ተዘግቷል።

ጥቁሮቹ ጂኤንኤክሶች ግን አሉ። ሲወጡ 30,000 ዶላር ገደማ የነበሩት፣ ብዙ ያልተነዱት ዛሬ በጨረታ 200,000 ዶላርን ያለፈ ዋጋ አውጥተዋል። እንደዚያ ባለ መኪና ላይ ግራ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ቱርቦ የሚያስነሳ ደፋር አይገኝም። ስለዚህ የጉልበታቸው ክርክር አሁንም የሚካሄደው በ1987ቷ ወረቀት ላይ ነው፤ 13.5፣ 102። አንዱ ወገን 308 ይላል። ሌላው ለመጽሔቱ የተሰጠችው መኪና ከተራዎቹ ተመርጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠራጠራል። ሦስተኛው አሮጌውን 225 አውጥቶ 347 ያደርሳታል። አራተኛው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያናድደውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ የዚያ ጋዜጠኛ ክብደት 180 ፓውንድ ነበር ያለው ማን ነው? 220 ከሆነስ? አርባ ፓውንድ ከሦስት ፈረስ በላይ ነው፤ ማስያዋ እንደገና ትንሸራተታለች።